ሻምፓኙን አትርጩት፣ ጠጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በስፖርት ገጻችሁ ላይ ደጋግሞ የሚወጣ አንድ ፎቶ አለ። ሰውዬው ይለዋወጣል፣ ፎቶው ግን ያው ነው። አሸናፊው መድረክ ላይ ወጥቶ ትልቅ ጠርሙስ ይነቀንቃል፣ አረፋው ሽቅብ ይፈናጠራል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ። ከሥሩ ደግሞ «ድሉን በሻምፓኝ አከበረ» የሚል ጽሑፍ። ረጨው እንጂ መቼ አከበረው! አንድ ጉንጭ እንኳን አልቀመሰም።

ልማዱን ያስጀመረው አሜሪካዊው ሹፌር ዳን ገርኒ ነው ይባላል። በ1967 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ለ ማን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ የ24 ሰዓቱን የመኪና ውድድር አሸነፈና የተሰጠውን ጠርሙስ ነቅንቆ በዙሪያው የቆመውን ሰው ሁሉ ረጨ። ይሁን፣ በሰው ደስታ ምን አገባኝ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሻምፓኝ ሲነሳ እናንተም እኛም አንባቢዎቻችሁ ትዝ የሚለን የቡሹ ጩኸት፣ መርጨቱና ውድነቱ ብቻ ሆኗል። ወይን መሆኑ ተረስቷል። ያውም ከማሳው እስከ ብርጭቆው ድረስ ይህን ያህል የሰው እጅ የሚነካው ወይን ብዙ የለም። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ልሟገትለት። ደብዳቤዬ ረዘም ይላል፣ ቦታ ካጣችሁ ቁረጡት፣ ስለ አተላው ያልኩትን ብቻ እንዳትነኩብኝ።

መጀመሪያ ቦታው። ሻምፓኝ የመጠጥ ስም ከመሆኑ በፊት የአገር ስም ነው። ከፓሪስ ወደ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ የምታገኙት፣ ሬምስና ኤፐርኔ የሚባሉት ከተሞች ያሉበት አካባቢ ነው። ብርድ ነው። ዝናብ ነው። ፍሬው እንደ ደቡብ ፈረንሳዩ ፀሐይ ጠግቦ አይጣፍጥም፣ ኮምጠጥ እንዳለ ይለቀማል። ከሥር ያለው መሬት ነጭ ጠመኔ ነው፣ ዝናቡን መጥጦ ይይዝና በደረቅ ጊዜ ለተክሉ ቀስ እያለ ይለቅለታል። ሌላ ቦታ ጉድለት የሚባለው ኮምጣጣነት እዚህ የመጠጡ ዋና ጉልበት ሆነ። በሌለበት ሻምፓኙ ልፍስፍስ ይል ነበር።

አረፋውም የመጣው ከዚሁ ብርድ ነው። በመኸር የተጠመቀው ወይን ፈልቶ ሳይጨርስ የበረዶው ወራት ይደርስበታል፣ እርሾው በብርዱ ይተኛል። ጸደይ መጥቶ አየሩ ሲሞቅ ይነቃና የቀረውን ስኳር መብላት ይጀምራል፣ ጋዝ ይፈጠራል። ወይኑ በዚህ ጊዜ ጠርሙስ ውስጥ ከተዘጋበት ጋዙ የት ይሄዳል? ወይ ወይኑ ውስጥ ይቀራል፣ ወይ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ድሮ ጠርሙስ መፈንዳቱ የተለመደ ነበር። ሠራተኞቹ ምድር ቤት የሚወርዱት የብረት ጭምብል አጥልቀው ነው፣ አንዱ ጠርሙስ ሲፈነዳ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳልና። በ1830ዎቹ ዣን ባቲስት ፍራንሷ የሚባል የሻሎን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ወይኑ ውስጥ የቀረውን ስኳር ለክቶ ምን ያህል መጨመር እንዳለበት የሚያሰላበትን መንገድ ካገኘ በኋላ ነው ነገሩ ልክ መያዝ የጀመረው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የዶም ፔሪኞንን ስም ይመዛል። ኦቪዬ በሚባል ገዳም ከ1668 ጀምሮ በ1715 እስኪሞቱ ድረስ የወይን ጠጅ ቤቱ ኃላፊ የነበሩ መነኩሴ ናቸው። አረፋውን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው፣ ሲቀምሱትም «ከዋክብት እየጠጣሁ ነው!» ብለው ጮኹ ይባላል። ተረት ነው። አባባሉ ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ለማስታወቂያ ሲባል የተለጠፈባቸው ነው። እንዲያውም ምስኪኑ አባት የደከሙት አረፋው እንዳይመጣ ነበር፣ በሳቸው ዘመን የሚያረፋ ወይን እንደተበላሸ ነበር የሚቆጠረው። ስማቸው የሚገባው ለሌላ ሙያ ነው። ከተለያየ ማሳ የመጣውን ፍሬ መርጠው ማዋሃድ ይችሉበት ነበር፣ ዛሬም የሻምፓኝ ቤቶች ትልቁ ጥበብ ይኸው ነው። ስለ አረፋው ከሆነ እንግሊዞችም ድርሻ አላቸው። ክሪስቶፈር ሜሬት የሚባል ምሁር በ1662 ለንደን ላይ ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ነጋዴዎች ወይኑ እንዲያረፋ ስኳር እንደሚጨምሩበት አስፍሯል። ጠንካራውን ጠርሙስም ቀድመው በድንጋይ ከሰል እሳት መሥራት የቻሉት እነሱ ናቸው። በደቡብ ፈረንሳይ ደግሞ የሊሙ ሰዎች «እኛ ከሁላችሁም እንቀድማለን፣ የሳንት ኢሌር መነኮሳት በ1531 ሠርተውታል» ይላሉ። ሻምፓኝ ሄዳችሁ ይህን ወሬ ካነሳችሁ ብርጭቋችሁ ከተሞላ በኋላ ይሁን።

ወደ ሥራው ልግባ። ለቀማው በእጅ ነው፣ ደንቡ ነው፣ ማሽን አይገባም። ዘለላው ሳይፈርጥ ሙሉውን መጭመቂያው ጋ መድረስ አለበት። ከሦስቱ ዋና ዋና ዓይነቶች ፒኖ ኗር እና ሙኒዬ ጥቁር ፍሬ ናቸው፣ ሻርዶኔ ነጭ ነው። ጥቁሩን በቀስታ ከጨመቁት ጭማቂው ነጣ ብሎ ይወርዳል፣ ቀለሙ ያለው ቆዳው ላይ ነዋ። የጭማቂው መጠን እንኳን ተቆርጦ የተሰጠ ነው፤ ከ4,000 ኪሎ ፍሬ 2,550 ሊትር። ከዚያ በላይ የወጣ ሻምፓኝ አይሆንም።

ጭማቂው አንዴ ከፈላ በኋላ ቀማሹ ቁጭ ይላል። ፊት ለፊቱ የዘንድሮ ወይን አለ፣ ካለፉት ዓመታት የተቀመጠ አለ፣ ከዚህ መንደርና ከዚያ መንደር የመጣ አለ። ሁሉም ገና ጥርስ የሚያጠርስ ነው። ከነዚህ ውስጥ ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚወጣ በምላሱ መገመት አለበት። ይህን ሥራ በመሣሪያ የሚተካው ሰው ገና አልመጣም፣ ባይመጣም ደስ ይለኛል። የተዋሃደው ወይን ላይ በሊትር 24 ግራም ገደማ ስኳርና እርሾ ይጨመርበታል፣ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ በቆርኪ ይታሸጋል፣ ምድር ቤት ይወርዳል። እዚያ እንደገና ይፈላል። የአሁኑ ጋዝ መውጫ የለውም። ጠርሙሱ ውስጥ የሚታፈነው ግፊት ስድስት ባር ገደማ ይደርሳል፣ ከመኪና ጎማ እጥፍ በላይ ማለት ነው።

አሁን አተላው ጋ ደረስን። እርሾው ስኳሩን በልቶ ሲጨርስ ይሞትና ጠርሙሱ ጎን ላይ ይዘቅጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ቶሎ አጥልሎ ይገላገለው ነበር። ሻምፓኝ ሠሪዎቹ ግን ይተዉታል። ሕጉ ራሱ አትቸኩሉ ይላል፤ ተራው ሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ወር ሳይሞላው አይወጣም፣ ከዚያ ውስጥ 12ቱን ወር ከአተላው ጋር መቆየት አለበት። የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ተመርጦ የሚዘጋጀው ደግሞ ሦስት ዓመት። ብዙዎቹ ጥሩ ቤቶች ከዚህም በላይ ያቆዩታል። በዚህ ጊዜ የሞተው እርሾ ቀስ በቀስ ይፈርስና ጣዕሙን ለወይኑ ያወርሰዋል። ጥሩ ሻምፓኝ ስትቀምሱ ከምድጃ አሁን የወጣ ዳቦ፣ የተቆላ ለውዝ፣ ቅቤ የሚሸታችሁ ከዚህ የተነሳ ነው። አረፋውም የሚደቅቀውና ምላስ ላይ ለስለስ የሚለው በዚሁ ቆይታ ነው። ጋዝ በማሽን የተነፋበትን ርካሽ ነገር ጠጥቶ «ሻምፓኝ አልወድም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምናደደው ለዚህ ነው። እሱ ሻምፓኝ ገና አልጠጣም።

ታዲያ አተላው ውስጥ እያለ ጥርት ያለ ወይን እንዴት ይቀዳል? ለዚህ የምናመሰግናት ባርብ ኒኮል ፖንሳርዳን ክሊኮን ነው። ባሏ በ1805 ሲሞትባት ዕድሜዋ 27 ነበር። ሴት ብቻዋን ንግድ ትመራለች ብሎ የሚያስብ ሰው በሌለበት ዘመን የባሏን የወይን ንግድ ቤት ተረከበችው። በ1814 የናፖሊዮን ጦርነት ገና በቅጡ ሳይበርድ፣ ተፎካካሪዎቿ ወደቡ እስኪከፈት ሲጠብቁ እሷ መርከብ ጭና ወደ ሩሲያ ላከች። ጀግና ናት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠረጴዛ አሠርታ ጠርሙሶቹን አንገታቸውን ወደ ታች አድርጋ ሰካቻቸው። የማእድ ቤቷን ጠረጴዛ ነው ያስበሳችው የሚሉም አሉ።

የተሰኩትን ጠርሙሶች የማዞሩ ሥራ በአንዳንድ ምድር ቤቶች ዛሬም በእጅ ይሠራል፣ ማየት ደስ ይላል። የየጠርሙሱ ቂጥ ላይ በነጭ ቀለም አንዲት ጭረት አለች፣ ምን ያህል እንደዞረ የሚታወቀው በሷ ነው። ሠራተኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ በያንዳንዱ አንድ ጠርሙስ ይይዛል፣ ነቅነቅ ያደርግና ስምንተኛ ዙር ወይም ሩብ ዙር ያዞረዋል፣ ትንሽ ያቀናዋል፣ ወደሚቀጥሉት ሁለቱ ያልፋል። አያይም ማለት ይቻላል፣ እጁ ብቻ ነው የሚሠራው። የለመደ ሰው በቀን 40 ሺህ ገደማ ጠርሙስ ያዞራል። በዚህ ዓይነት ስድስት ሳምንት ያህል ሲቆይ አተላው ሸርተት ሸርተት እያለ አንገቱ ላይ ይጠራቀማል። ዛሬ ብዙው ቤት ይህን በማሽን በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል፣ ጣዕሙ ላይ ልዩነት አያመጣም፣ ስለዚህ ማሽኑን አልወቅስም። ቀጥሎ የጠርሙሱ አንገት በጣም በቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፣ አተላው በረዶ ይሆናል፣ ቆርኪው ሲነሳ ግፊቱ በረዶውን ፏ አድርጎ ያስወጣዋል። የጎደለው በትንሽ ወይንና ስኳር ይሞላል፣ ቡሹ ይገባል፣ ሽቦው ይታሰራል።

የስኳሩ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የድሮ ሰው ሻምፓኝ የሚወደው እንደ ሽሮፕ አጣፍጦ ነበር። በ2010 ጠላቂዎች ባልቲክ ባሕር ውስጥ ኦላንድ ደሴቶች አጠገብ ከሰጠመ መርከብ ላይ 168 ጠርሙስ ሻምፓኝ አገኙ። 170 ዓመት ገደማ ከባሕር በታች የተኛ ነው፣ ክሊኮም አለበት። ሲመረመር በሊትር ከ140 ግራም በላይ ስኳር ተገኘበት። ዛሬ ብሩት ተብሎ የሚሸጠው ከ12 ግራም አይበልጥም። ጣዕሙን ወደዚህ ካዞሩት ሰዎች አንዷ ሉዊዝ ፖምሪ ናት፣ እሷም ባሏ የሞተባት ነጋዴ ናት፣ በ1874 ምርቷ ደረቁን፣ ማለትም ያልጣፈጠውን፣ ሻምፓኝ ለእንግሊዞች አቀረበች። ጣፋጭ ኬክ ፊት ብሩት የምትከፍቱ ሰዎች ይህን ልብ በሉልኝ። ኬኩ ወይኑን ሆምጣጤ ያስመስለዋል። ለኬክ ከሆነ ደሚ ሴክ የሚል የተጻፈበትን፣ ጣፈጥ ያለውን ፈልጉ። ብሩቱን ከዓሣ፣ ከተጠበሰና ጨው ካለው ነገር፣ ከዚያው አገር ከሻውርስ አይብ ጋር ሞክሩት። የሬምስ ሰዎች ደግሞ ሮዝ ቀለም ያለው ደረቅ ብስኩት አላቸው፣ ብርጭቆው ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል። ሊቃውንቱ ይሳቁ፣ ይጣፍጣል።

«ስሙን ለምን ብቻቸውን ይይዙታል? ሌላው ያረፋ ወይን ለምን ሻምፓኝ አይባልም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩን ኩራት ብቻ አድርጎ የሚያየው አለ። እስቲ ወደ 1911 እንመለስ። ተባይ ተክሉን እየፈጀው፣ ምርት በተከታታይ ጠፍቶ ገበሬው ሲራብ፣ አንዳንድ ነጋዴዎች ከሌላ ክፍለ አገር ርካሽ ፍሬ በባቡር እያስመጡ ሻምፓኝ ብለው ይሸጡ ነበር። ገበሬው ተነሳ። አዪ የምትባለው መንደር ውስጥ የነጋዴ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ወይን ጎዳና ላይ ፈሰሰ፣ መንግሥት ጦር ላከ። በሌላ በኩል «ሻምፓኝ አይደላችሁም» ተብለው ከካርታው የወጡት በደቡብ በኩል ያለው የኦብ አውራጃ ገበሬዎች ሰልፍ ወጡ። ኦብ በሙሉ መብት የገባው በ1927 ሕግ ነው፣ በ1936 ደግሞ ስሙ ዛሬ የምናውቀውን የትውልድ ቦታ ጥበቃ አገኘ። እና ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም የነጋዴ ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ገበሬው ተዋግቶ ያመጣው ነው።

ከ1911ዱ አመፅ ሦስት ዓመት በኋላ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ሬምስ በመድፍ ተደበደበች፣ ካቴድራሏ ተቃጠለ፣ ሕዝቡ ወደ ምድር ቤቶቹ ወረደ። በጥንት ዘመን ድንጋይ የተቆፈረባቸው፣ ጣሪያቸው እንደ ደብር የሚርቅ የጠመኔ ጉድጓዶች ናቸው። በጠርሙሶቹ መካከል ሰው ተኛ፣ ሕፃናት ተማሩ። የ1914ን ለቀማ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች መድፍ እየጮኸባቸው ለቀሙት። ዩኔስኮ በ2015 ኮረብታዎቹን፣ ቤቶቹንና ምድር ቤቶቹን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህ ሁሉ አብሮ ያለ ነው።

ውድነቱን አልክድም፣ ውድ ነው። ግን ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ትልልቆቹ ስሞች ብቻ አይደሉም ያሉት። ጠርሙሱ ላይ በደቃቁ «ኤር ኤም» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካያችሁ የራሱን ማሳ ፍሬ ራሱ ጠምቆ የሚሸጥ ገበሬ ነው። ለማስታወቂያ የምትከፍሉት ገንዘብ አነስ ይላል፣ የአንድ መንደር አፈር ምን እንደሚመስልም ትቀምሳላችሁ። ሁለተኛ፣ ፈረንሳይ ውስጥ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ክሬማን የሚባል አለ። አልዛስ፣ ሎዋር፣ ቡርጎኝ፣ ዡራ፣ ሊሙ፣ ሌሎችም ይሠሩታል። በእጅ ይለቀማል፣ ጠርሙስ ውስጥ ይፈላል፣ ከአተላው ጋር ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይተኛል። ዋጋው በጣም ይቀንሳል። እኔ መካከለኛ ሻምፓኝ ከምገዛ ጎበዝ ክሬማን እመርጣለሁ። ይህን በማለቴ የሬምስ ሰው ቢቀየመኝ ይቀየመኝ።

አከፋፈቱ ላይ ደግሞ እባካችሁ። ጠርሙሱን ደህና አድርጋችሁ አቀዝቅዙት፣ ስምንት እስከ አሥር ዲግሪ ይበቃል፣ የሞቀ ሻምፓኝ ነው ዘሎ የሚያመልጠው። ሽቦውን ስትፈቱ አውራ ጣታችሁ ቡሹ ላይ ይሁን፣ አፉን ወደ ሰው አታዙሩት፣ ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ቡሹን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ጠርሙሱን ከሥሩ አዙሩ። ጮኾ መውጣት የለበትም፣ እስስ ብሎ ብቻ ነው የሚወጣው። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ በጎኑ ቅዱት፣ ጋዙ ይተርፋችኋል። ብርጭቆው ራሱ ቀጭኑ ባይሆን ይሻላል፣ አፍንጫ አያስገባም። ሰፊው ሳህን መሰሉም ሽታውን ይበትነዋል። መሃሉ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለውን የወይን ብርጭቆ ተጠቀሙ።

ከመጠጣታችሁ በፊት ግን እስቲ ትንሽ እዩት። ከአንዲት ነጥብ ተነስታ ሽቅብ የምትወጣ ቀጭን የአረፋ መስመር አለች። ከታች ስትነሳ አትታይም ማለት ይቻላል፣ እየወጣች በሄደች ቁጥር ትወፍራለች። ሬምስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዤራር ሊዤ ቤሌር የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ዕድሜውን ለዚህ ሰጥቷል። አረፋዋ የምትነሳው በአብዛኛው ከፎጣ ወይም ከአየር መጥታ ብርጭቆው ላይ ከተጣበቀች በዓይን የማትታይ ክር ነው። ፍጹም ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ሻምፓኝ አያረፋም! አንድ ብርጭቆ ዝም ብላችሁ ብትተዉት ደግሞ አንድ ሚሊዮን ገደማ አረፋ ይወጣዋል ብሎ አስልቷል። ላይ ደርሳ ስትፈነዳ ደቃቅ ነጠብጣብ ትረጫለች፣ ሽታውን ወደ አፍንጫችሁ የሚያመጣው ይኸው ነው። መርጨት አማራችሁ እንጂ ወይኑ ራሱ ይረጭላችሁ ነበር።

ስፖርት ገጹ ላይ ያለው ትልቁ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ሊትሩ ኢዮርብዓም ነው። አዎ፣ የመጽሐፈ ነገሥቱ ኢዮርብዓም። ስድስት ሊትሩ ማቱሳላ፣ ዘጠኝ ሊትሩ ስልምናሶር፣ አሥራ አምስት ሊትሩ ናቡከደነፆር ይባላሉ። ማን እንዲህ እንደሰየማቸው እንጃ፣ ቀልደኛ ሰው መሆን አለበት። ለቤት ግን አንድ ሊትር ተኩሉ ማግነም ይበቃል፣ ከትንሹ ጠርሙስ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚበስል ጣዕሙም ይሻላል።

ከተረፋችሁ ደግሞ አንገቱ ላይ የብር ማንኪያ አትስቀሉ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ምንም አይሠራም። ለሻምፓኝ የተሠራ ባለ መቆለፊያ ክዳን ግዙ፣ ርካሽ ነው፣ ግጥም አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት። በማግስቱ አረፋው ትንሽ ቀንሶ፣ የዳቦ ሽታው ግን ከበፊቱ ወጣ ብሎ ታገኙታላችሁ። ከምሳ ጋር ይሄዳል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ